የደጃዝማች ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ሕይወት

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር በብዙ ሚዛን ይመዘናል። ነጋዴ በትርፉ፥ ወታደር በድሉ፥ ተማሪ በትምህርቱ፥ ሹም በሹመቱ ይለካል። ይህም መለካት በራሱ ክፋት የለበትም፤ ሥራ ያለ ሚዛን አይቃናምና። ነገር ግን ሚዛኑ ሥራውን መመዘኑን ትቶ ሰውየውን ራሱን መመዘን የጀመረ እንደ ሆነ፥ ያልተሳካለት ሁሉ እንዳልተፈጠረ ይቈጠራል፤ ብዙ ነፍስም በዚህ ይጐዳል። ይህ ነገር በምክር ቃል ብቻ ከሚነገር በአንድ ሰው ሕይወት ቢታይ ይልቅ ይገባል። ስለዚህ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ የደጃዝማች ዓለማየሁ ታሪክ ከዚህ ቀጥሎ ተጽፏል።

የዓለማየሁ ዕድሜ በጠቅላላው 18 ዓመት ነበረ። ከዚህም 7ቱን በአገሩ፥ የቀረውን በባዕድ አገር ፈጸመው። አልነገሠም፤ ጦር አልመራም፤ መጽሐፍ አልጻፈም፤ በገባባቸው ትምህርት ቤቶችም አልተሳካለትም። ሆኖም ስሙ ከ140 ዓመት በላይ ሳይረሳ ቈይቷል። የሚታሰበውም ስለ ሠራው ሥራ ሳይሆን ስለ ደረሰበት ነገር ነው፤ ከዚህም የበለጠ ስለ ራሱ ሊታሰብ የሚገባው ነበረ።

ትውልዱና ሕፃንነቱ

ዓለማየሁ የተወለደው ሚያዝያ 16 ቀን 1853 ዓ. ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1861) ነው። አባቱ ከቋራ ተነሥተው በየአውራጃው የነበሩትን መሳፍንት ድል ያደረጉትና ኢትዮጵያን በአንድ መንግሥት ለማድረግ ዕድሜያቸውን ሁሉ የደከሙት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። እናቱ እቴጌ ጥሩ ወርቅ የስሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ በየካቲት 1847 ዓ. ም. ደረስጌ ላይ በቴዎድሮስ ድል ሆነዋል። ቴዎድሮስም ዘውድ የጫኑት ራሳቸው ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

እንግዲህ ሕፃኑ የድል አድራጊውና የድል ሆኑት ደም በአንድነት የተገናኙበት ልጅ ነበረ። ገና በእናቱ ጀርባ ሳለ መኳንንቱ ሲያዩት ወራሽ፥ ወይም የዕርቅ ምልክት፥ ወይም የጠላት ዘር አድርገው ያዩት ነበር እንጂ እንደ ማንኛውም ሕፃን ያየው ሰው ጥቂት ነው። የአባቱና የእናቱ ጋብቻም ሰላም የሞላበት አልነበረም። እቴጌ ጥሩ ወርቅ የአባታቸውን እስራት የረሱ አልነበሩም፤ ዐፄ ቴዎድሮስም የመጀመሪያ ሚስታቸው እቴጌ ተዋበች ከሞቱ ወዲህ ልባቸው ዕረፍት አላገኘም። ልጁ ግን ስሙ በደስታ የወጣለት ነበረ። ዓለም አየሁ ማለት ደስታን አየሁ ማለት ነው። በኋላ ዘመን ግን ከስሙ ለልጁ የደረሰው የመጀመሪያው ትርጓሜ ብቻ ሆነ፤ ይኸውም ዓለምን ከዳር እስከ ዳር አየ፥ ደስታውን ግን ብዙ አላየም።

የመቅደላ ውድቀት

ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ መልስ ስላጡ ቈንስሉንና ሌሎችን አውሮፓውያን አሠሩ። ከዚህ የተነሣ የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ትልቅ ሠራዊት ላከ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ. ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1868) በስቅለት ዓርብ በእሮጌ ሜዳ ላይ የኢትዮጵያ ጦር ድል ሆነ። ፋሲካው በዋለ በማግሥቱ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች መቅደላን ሰብረው ሲገቡ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ መስጠትን እምቢ ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ነፍሳቸውን አሳለፉ። ሕፃኑ ዓለማየሁ ያን ቀን 7 ዓመት ሊሞላው 10 ቀን ቀርቶት ነበር።

ከዚያ በኋላ አምባው ተዘረፈ። ዘውዱ፥ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት፥ ታቦታቱ፥ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍት ሁሉ ተወሰዱ። ዕቃውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈለጉ። በደላንታ ሜዳም ምርኮው በሐራጅ ተሸጠ፤ ዋጋውም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት መበለትና አንድ ሕፃን በድንኳን ተቀምጠው ነበር። የቴዎድሮስ ጠላቶች እንዳያጠፏቸው ለመጠበቅ ነው ተብሎ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ባሕሩ እንዲወርዱ ተደረገ።

እቴጌ ጥሩ ወርቅ ግን ባሕሩን አላዩም። በመንገድ ሳሉ ደዌያቸው ጸናባቸውና ግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ. ም. ዐረፉ። አስከሬናቸውም ከመቀሌ አጠገብ በጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። አባቱ ከሞቱ ገና 32 ቀን መሆኑ ነበር። በዚህ በአንድ ወር ውስጥ ዓለማየሁ አባቱን፥ እናቱን፥ ቤቱንና አገሩን ሁሉ አጣ። ከቶ በምድር ላይ የእኔ የሚለው ነገር አልቀረለትም።

ባሻ ፈለቀና የባሕር ጉዞ

ልጁን የተቀበለው ካፒቴን ስፒዲ የሚባል የእንግሊዝ መኰንን ነው። ይህ ሰው ቁመቱ እጅግ ረጅም፥ ጢሙ ቀይ ነበረ። ቀደም ሲል በኢትዮጵያ ቈይቶ ዐፄ ቴዎድሮስን ያገለገለ ስለ ነበረ አማርኛ ይናገራል፤ ኢትዮጵያውያንም ባሻ ፈለቀ ይሉት ነበር። ልጁ ያየው ሞትና ተኩስ በሕልሙ እየመጣ ያስደነግጠው ስለ ነበረ ሌሊት ብቻውን መተኛት አልቻለም። ስፒዲ ከአጠገቡ ሲሆን ብቻ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል የሚያውቀውን ቋንቋ የሚናገርለት፥ በሌሊት እጁን የሚይዘው ሰው አንድ እርሱ ብቻ ነበረና፥ ልጁ በሙሉ ልቡ ተጠጋው።

ስፒዲ የወራሪው ሠራዊት መኰንን መሆኑ አይካድም። ሆኖም በታሪኩ ሁሉ ውስጥ ለዓለማየሁ የዕረፍት ጊዜ የተባለው ከዚህ ሰው ጋር የኖረበት ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ጊዜ ነው። ምክንያቱም ግልጥ ነው። ስፒዲ ልጁን ለመመርመርና ለማዕረግ አላበቃሁህም አላለውም፤ ያበላው፥ ያለብሰው፥ ያጫውተው፥ ሲፈራም ያጽናናው ነበር። ልጅን ልጅ ነህ ብሎ መቀበል ከዚህ የበለጠ ጥበብ አይጠይቅም።

በሐምሌ 1860 ዓ. ም. እንግሊዝ አገር ደረሱ። ስፒዲ በዋይት ደሴት ቤት ስለ ነበረው ልጁን ወደዚያ ወሰደው። ንግሥት ቪክቶሪያም በዚያው ደሴት በኦዝቦርን ቤተ መንግሥታቸው ሳሉ አስጠርተው አዩት። መልኩን፥ ዐይኑንና ገርነቱን ወደዱለት፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ እስከ ሞቱ ድረስ ስለ እርሱ ማሰብን አልተዉም። በፍሬሽዎተር ትኖር የነበረችው ዝነኛዋ ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ልጁንና ስፒዲን በኢትዮጵያ ልብስ አስቀምጣ ሥዕላቸውን አነሣች። ሥዕሉ ዛሬም አለ። ብዙ ሰው የተማረከው የንጉሥ ልጅ እንዴት ያለ ነው እያለ ሥዕሉን ይመለከተው ነበር። ልብ ብሎ ለሚያየው ግን በሥዕሉ ውስጥ ያለው የንጉሥ ልጅ ከመሆኑ በፊት እናቱ ከሞተች ገና ሦስት ወር ያልሞላት የ7 ዓመት ሕፃን ነው።

ስለ ልጁ የተደረገ ክርክር

ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1869 ስፒዲ ሚስት አግብቶ በህንድ አገር ሲታፑር በሚባል ስፍራ በፖሊስ ሹመት ሲሾም ዓለማየሁን ይዞት ሄደ። በ1871 ደግሞ ወደ ማላያ አገር ወደ ፔናንግ ሲዛወር ልጁ አብሮት ተሻገረ። በዚህ ጊዜ በለንደን ክርክር ተነሣ። ለልጁ ማሳደጊያ ገንዘብ የሚከፍለው የመንግሥቱ ግምጃ ቤት ነበረና፥ የግምጃ ቤቱ ሹማምንት ልጁ ከአንድ የፖሊስ ሹም ጋር ከአገር አገር ሲዞር ትምህርቱ ይቀርበታል፥ ወደ እንግሊዝ ተመልሶ በደንብ ይማር አሉ። ንግሥት ቪክቶሪያ ልጁን ከሚወደው ሰው መለየት ጭካኔ መስሎ ስለ ታያቸው ተቃወሙ። ነገር ግን የግምጃ ቤቱ አሳብ ጸና።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። እንዲህ ያሰቡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። የንጉሥ ልጅ ሳይማር ቢቀር በእነርሱ ላይ ነውር እንደሚሆን አስበው፥ የሚቻለውን የተሻለ ትምህርት ሊሰጡት ፈለጉ። ለመልካም ትምህርት የሚያስፈልገውን ሁሉ ቈጠሩ፤ መምህሩን፥ ትምህርት ቤቱን፥ ገንዘቡን፥ ዓመቱን ሁሉ አሰቡ። ሳይቈጥሩት የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ልጁ የሚወደው አንድ ሰው በዓለም ላይ እንዳለውና ያም ሰው ስፒዲ መሆኑ ነው። ለልጁ ምን እንዲሆን እንደሚፈልጉ ያውቁ ነበር፤ ልጁ ራሱ ማን እንደ ሆነ ግን አልጠየቁም። ዓለማየሁም ገና 11 ዓመት ሳይሞላው፥ አባትና እናቱን ካጣ በኋላ ያገኘውን ሰው ለሁለተኛ ጊዜ አጣ።

የትምህርት ቤቱ ዘመን

በ1872 ዓለማየሁ በቼልተንሃም ኮሌጅ አለቃ በዶክተር ጄክስ ብሌክ ቤት ተቀመጠ። የቤቱ ሰዎች በመልካም ያዙት፤ ሆኖም በዚያ ቤት አማርኛ የሚያውቅ አልነበረም። ሕፃን ሳለ የለመደው ቋንቋ፥ ጸሎትና ዜማ ሁሉ በልቡ ብቻ ቀረ። በ1874 ጄክስ ብሌክ ስመ ጥር በሆነው በራግቢ ትምህርት ቤት አለቃ ሆኖ ሲሾም ዓለማየሁንም ወደዚያ ይዞት ሄደ።

በዚያ ዘመን በእንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ዋናው ትምህርት የላቲንና የግሪክ ቋንቋ ነበረ። የእንግሊዝ መኳንንት ልጆች ገና በሕፃንነታቸው ስለሚጀምሩት ወደ ትምህርት ቤቱ የሚገቡት ከመሠረቱ አውቀውት ነው። ዓለማየሁ ግን በአባቱ ሰፈር ያደገ፥ ከዚያም ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝ፥ ከእንግሊዝ ወደ ህንድ፥ ከህንድ ወደ ማላያ ሲጓዝ የኖረ ልጅ ነው። እንግሊዝኛን ራሱን እንኳ የተማረው ዘግይቶ ነው። እንግዲህ ከባልንጀሮቹ እኩል አለመሆኑ የሚያስደንቅ አልነበረም። ነገር ግን ከመምህራን ወደ ሹማምንት የሚሄደው ወሬ ሁሉ የትምህርቱን አለመግፋት የሚናገር ሆነ። ልጁ ለምን እንደሚያዝን፥ ማንን እንደሚናፍቅ፥ በምን እንደሚደሰት ለማወቅ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነበረ። ስለ አንድ ልጅ ብዙ ወረቀት ተጽፎ ስለ ልጁ ግን ጥቂት ነገር ብቻ መታወቁ የሚያሳዝን ነው።

በአገሩ የሚያስበው ሰው አልጠፋም ነበር። የእናቱ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ የልጅ ልጃቸውን ነገር እየጠየቁ ደብዳቤ ጽፈዋል። እኒህ ሴት ባላቸውንና ልጃቸውን ያጡ አሮጊት ነበሩ። የፈለጉትም ልጁ በላቲን ቋንቋ የቱን ያህል እንደ ገፋ ለመስማት አልነበረም፤ በሕይወት መኖሩን፥ ደኅና መሆኑን ለመስማት እንጂ። በዚያ ታሪክ ውስጥ ከተጻፉት ወረቀቶች ሁሉ የአሮጊቲቱ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነበረ። እርሱም በበኩሉ ወደ አገሩ የመመለስ አሳብ እንደ ነበረው ገልጧል፤ አሳቡ ግን ወዲያው ተከለከለበት።

ሳንድኸርስትና ሊድስ

በመጽሐፍ ካልሆነለት በወታደርነት ይሆንለታል ተብሎ በ1878 በሳንድኸርስት ወደሚገኘው የንጉሣዊ ጦር ትምህርት ቤት ገባ። የቴዎድሮስ ልጅ ነውና ጀግንነት ከደሙ ይገኛል ብለው ያሰቡ ይመስላል። ይህም ሌላ ዓይነት ሚዛን ነው፤ ቀድሞ በባልንጀሮቹ የተመዘነው ልጅ አሁን ደግሞ በአባቱ ተመዘነ። በዚያም ስፍራ ደስታ አላገኘም። ባልንጀሮቹ ያላግጡበትና ያስጨንቁት ነበር። ሰው ሁሉ በመልኩ ጥቁረት ምክንያት የሚያፈጥበት እየመሰለው ይሳቀቅ ነበር። ትምህርቱም ስላልተቃና በሚቀጥለው ዓመት ለቆ ወጣ።

ያን ጊዜ 18 ዓመቱ ነበረ። ለብቻው እንዲማር ተብሎ ቀድሞ በራግቢ መምህሩ ወደ ነበረው ወደ ሲሪል ራንሰም ወደ ሊድስ ከተማ ተላከ፤ ከከተማው ዳር ሄዲንግሊ በሚባለው ስፍራም ተቀመጠ። ከሄደም ብዙ ሳይቈይ ብርድ መታውና በሣንባ በሽታ ታመመ። ለሳምንታት በአልጋ ላይ ሳለ መርዝ አብልተውኛል ብሎ ስለ ጠረጠረ መድኃኒቱን አልቀበልም ያለበት ጊዜ ነበር። ይህን የሰሙ አንዳንዶች በበሽታው ትኵሳት የመጣ ነው ሊሉ ይችላሉ። ሆኖም ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ሌሎች ስለ እርሱ ሲቈርጡለት የኖረ፥ ካመነው ሰው በትእዛዝ የተለየ ልጅ፥ በመጨረሻ ማንን እንደሚያምን ባያውቅ ሊፈረድበት አይገባም።

ዓለማየሁ ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ. ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር ኖቬምበር 14 ቀን 1879) ዐረፈ። ንግሥት ቪክቶሪያ ወሬው ሲደርሳቸው እጅግ አዘኑ። በዕለት ማስታወሻቸውም ዘመድ ወገን በሌለበት በባዕድ አገር ብቻውን መሞቱን፥ ሕይወቱም በልዩ ልዩ ችግር የተሞላ እንጂ ደስታ የነበረበት አለመሆኑን በሐዘን ጻፉ። ኅዳር 12 ቀን በዊንዘር ቤተ መንግሥት ካለው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በምድር ውስጥ ባለው የመቃብር ስፍራ ተቀበረ። ያ ቀን በኢትዮጵያ የኅዳር ሚካኤል በዓል የሚከበርበት ነበረ። በአገሩ በየደብሩ ታቦት ወጥቶ ሕዝቡ እልል ሲል፥ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በባዕዳን ቋንቋ በተጸለየ ጸሎት ወደ መቃብር ወረደ።

በቀብሩ የተገኙት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ ማሰብ ይገባል። መቅደላን የያዘው ጄኔራል ናፒየር ነበረ። የግምጃ ቤቱ ሚኒስትር ነበረ። የመጨረሻው መምህሩ ራንሰም ነበረ። ካፒቴን ስፒዲም ነበረ። አባቱን ድል ያደረገው፥ ገንዘብ የከፈለለት፥ ያስተማረውና የወደደው በአንድ መቃብር ዙሪያ ቆሙ። ከእነዚህ ሁሉ ግን ልጁ በሌሊት ሲደነግጥ እጁን የያዘው አንዱ ብቻ ነው። ንግሥቲቱ ባኖሩለት የነሐስ ጽላት ላይ ስሙ፥ የተወለደበትና የሞተበት ቀን፥ እንግዳ ሆኖ ስለ መቀበል የሚናገረውም የማቴዎስ ወንጌል ቃል ተቀረጸ። ቃሉ የተቀረጸው በእውነተኛ ርኅራኄ እንደ ሆነ አይጠረጠርም። ነገር ግን ያ ልጅ እንግዳ የሆነው በገዛ ፈቃዱ ስላልነበረ ቃሉ ለሚያነበው ሁሉ ማጽናኛም ወቀሳም ነው።

ከሞቱ በኋላ የሆነው

ዓለማየሁ ከሞተ ወዲህ ኢትዮጵያውያን ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ሳይታክቱ ጠይቀዋል። በ2007 በአውሮፓ አቈጣጠር የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ለእንግሊዝ ንግሥት ጥያቄውን በይፋ አቀረቡ። በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በዚያ ስፍራ የተቀበሩትን የሌሎች ብዙ ሰዎች ዐፅም ሳይነካ የእርሱን ማውጣት አይቻልም ሲል መለሰ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በካፒቴን ስፒዲ ዘመዶች እጅ ተጠብቆ የኖረ ከራሱ የተቈረጠ ጠጕር ለኢትዮጵያ ተሰጠ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ወደ ወገኖቹ የተመለሰው ይህ ብቻ ነው። ጠጕሩን ከመቶ ዓመት በላይ አስቀምጦ ያቈየው ደግሞ የማንም የመንግሥት መዝገብ ቤት ሳይሆን አንድ ጊዜ ልጁን የወደደ ሰው ቤት መሆኑ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም።

ከዚህ ሕይወት የሚገኝ ትምህርት

የዓለማየሁን ታሪክ የሚሰማ ኢትዮጵያዊ በእንግሊዞች ላይ መቈጣቱ አይቀርም፤ ቁጣውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ቁጣው ብቻ ቢቀር ትምህርቱ ይጠፋል። አሳዳጊዎቹ ልጁን አልራበውም፥ አልታረዘም፥ አልተገረፈም ብለው ሊመልሱ ይችሉ ነበር። ጥፋታቸው ከዚህ የረቀቀ ነበረ። ልጁን ሁልጊዜ ያዩት ሊሆን በሚገባው ነገር በኩል ነው፤ የተማረ ሰው፥ መኰንን፥ ለእንግሊዝ መንግሥት ደግነት ምስክር የሚሆን የንጉሥ ልጅ። ይህን ሁሉ ሳይሆን ሲቀር ወደ ሌላ ስፍራ፥ ወደ ሌላ መምህር አሳለፉት። እንደ ዕቃም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ዕድሜው አለቀ።

እንዲህ ያለው ጥፋት የእንግሊዞች ብቻ አይደለም። ዓለማየሁን የጀግናው ንጉሥ ልጅ ስለ ሆነ ብቻ የሚያለቅስለት ኢትዮጵያዊም ልጁን በአባቱ ሚዛን መመዘኑ አልቀረም። ዓለማየሁ የአንድ ድኻ ገበሬ ልጅ ቢሆን ኖሮ ሐዘኑ ያው ሐዘን፥ ሌሊቱ ያው ሌሊት በሆነ ነበር። ከመቅደላ አምባ በዚያ ሰኞ ቀን ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሕፃናት አባትና እናታቸውን አጥተው ወርደዋል፤ ስለ እነርሱ የተቀረጸ ጽላት የለም። የዓለማየሁን መታሰቢያ በእውነት የሚያከብር ሰው እነርሱንም ያስባል።

ነገሩ ወደየቤቱም ይገባል። ልጁ በፈተና ሲወድቅ ከስሙ አስቀድሞ ቍጥሩን የሚጠይቅ አባት፥ ተማሪውን በደረጃው ብቻ የሚያውቅ መምህር፥ ከሩቅ አገር ባዶ እጁን የተመለሰውን ወንድሙን በዐይኑ የማይሞላ ዘመድ፥ ንግዱ የከሰረበትን ባልንጀራውን በመንገድ አይቶ ፊቱን የሚያዞር ሰው፥ እነዚህ ሁሉ ከግምጃ ቤቱ ሹማምንት ብዙ አይርቁም። እነርሱም ቢጠየቁ ለእርሱ ደኅንነት አስበን ነው ይላሉ። ማሰባቸውም እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም አንድ ሰው የቱን ያህል ቢታሰብለት፥ ሳይሳካለትም ቢቀር እንደሚፈለግ ካላወቀ፥ በወገኖቹ መካከል ተቀምጦ ሳለ ባዕድ ሆኖ ይኖራል።

ልጅ መማር፥ ጐልማሳም መሥራት ይገባዋል። ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን መወደዱ የትምህርቱ ዋጋ፥ መከበሩም የሥራው ደመወዝ መሆን የለበትም። ወይዘሮ ላቂያዬ በዚያ በሩቅ ዘመን ስለ ልጅ ልጃቸው ደኅንነት የጠየቁት ጥያቄ ለማንኛውም ሰው የሚበቃ ነው። ዛሬም በየቤቱ፥ በየትምህርት ቤቱና በየደብሩ ያሉ አሳዳጊዎች ሌላውን ሁሉ ከመጠየቃቸው አስቀድመው ይህንን ቢጠይቁ፥ ከዓለማየሁ ዕድል ከሚመስል ዕድል ብዙ ልጆችን ሊያድኑ ይችላሉ። እርሱንም በጸሎት ሲያስቡት የንጉሥ ልጅ ስለ ሆነ ወይም አገር ስለ ተዋረደችበት ብቻ ሳይሆን፥ ዓለማየሁ ስለ ሆነ ቢያስቡት የሚገባውን መታሰቢያ ያገኛል።